የሚመታው የቢላዋ እጀታ

ሰፈራችን እኔ የምናገረውን ግማሹን ቀንሶ ነው የሚሰማኝ፤ አልፈርድበትም። በጓሯችን የበቀለ ዱባ በበር አልወጣ ብሎን ግድግዳ አፍርሰን አወጣነው ብዬ ያወራሁ ሰው ነኝ። ዱባው፣ እውነቱን ለመናገር፣ ከሰው ራስ ብዙም አይበልጥም ነበር። ስለዚህ የሰው ልብ በቢላዋ እጀታ ላይ ሲመታ አይቻለሁ ስል ሰዎች ተያይተው ይስቃሉ፤ «ደግሞ ዱባው መጣ» ይላሉ። ዱባውን ልቀንስላቸው እችላለሁ። እጀታውን ግን አልቀንስም፤ እንዳየሁት ነው የምጽፈው።

ጣሊያን ከወጣ ዓመታት አልፈው፣ ጥሏቸው የሄዳቸው ማኪናዎች በየመንገዱ ዳር ዝገው ቁጥቋጦ የበቀለባቸው ዘመን ነበር። መንደራችን ከትክል ድንጋይ ወዲህ፣ ወደ ጎንደር ከሚወስደው መንገድ ትንሽ ገባ ብላ ነው ያለችው። እኔ ገና ያላገባሁ ጎረምሳ ነበርኩ። ቀኑ ፋሲካ ነው። ሌሊቱን ቤተ ክርስቲያን ቆመን አድረን፣ ጾማችንን ፈትተን፣ ዓይናችን እንቅልፍ እንደያዘው ለቅርጫ ወጣን።

በመንደራችን ቅርጫ ሁለት ሰው ይመራዋል፤ አንዱ ይስባል፣ አንዱ ይቆርጣል። ሳቢው ሁልጊዜ ታላቅ ወንድሜ ነበር። ክንዱ እንደ ቀንበር የጠና ስለሆነ የበሬ ወርች ሲስብ በሬው ራሱ ተነስቶ የሚከተለው ይመስል ነበር። ቆራጩ ደግሞ የእህቴ ባል ነው። እጁ ሚዛን ነው ይሉታል፤ የቆረጠው መደብ አንዱ ካንዱ አይበልጥም። ሁለቱ ከጋብቻውም በፊት ወዳጆች ነበሩ። እህቴን «ከሱ የተሻለ ሸጋ ሰው አላውቅም» ብሎ ያሰጠው ወንድሜ ራሱ ነው።

ቢላዋው የመንደሩ የጋራ ቢላዋ ነበር። ከተጣለ የጣሊያን ማኪና ባሌስትራ አንጥረኛ ቀጥቅጦ ያወጣው፣ እጀታው ቀንድ የሆነ፣ ጠባብና ረጅም። ስለቱን ለመግለጽ ባጋንን ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን አባቴ ምላጭ ጠፍቶበት አንድ ቀን ጢሙን ተላጭቶበታል፤ ከዚህ በላይ የምጨምረው የለኝም።

ወንድሜ ወርቹን በሁለት እጁ አቅፎ ወደ ደረቱ ሳበ። የእህቴ ባል ፊት ለፊቱ ቆሞ፣ ቢላዋውን መጋጠሚያው ውስጥ ከቶ ወደ ላይ ገፋ። ጅማቱ አልበጠስ አለው፤ በሙሉ ጉልበቱ ገፋ። ጅማቱ ድንገት ለቀቀ። የተጎዘጎዘው ቅጠል በስብና በደም ሙልጭልጭ ብሎ ነበርና እግሩ ከዳው፤ ሰውነቱ ሁሉ ወደ ፊት ሄደ፤ ቢላዋውም አብሮት ሄደ።

ወንድሜ ወርቹን እንዳቀፈ ቅጠሉ ላይ ቁጭ አለ።

«ምነው ገፋኸኝ?» አለ።

ከግራ ጡቱ ዝቅ ብሎ፣ ሸማው ላይ፣ የቢላዋው እጀታ ብቻ ቀርቶ ነበር። ደም አልፈሰሰም ማለት ይቻላል፤ የመዳፍ ያህል ቦታ ብቻ ቀልቷል። እሱም የሁላችንን ዓይን ተከትሎ ወደ ደረቱ ተመለከተ፤ ከዚያ ወርቹን ቀስ ብሎ፣ አቧራ እንዳይነካው ተጠንቅቆ፣ ቅጠሉ ላይ አስቀመጠው።

የእህቴ ባል እጁን ዘረጋ። ሊነቅለው ነው። አባቴ ከወዲያ ማዶ ጮኸ፤ «እጅህን! እጅህን ሰብስብ!»

አባቴ የጮኸው ስለ ሕክምና የሚያውቀው ነገር ኖሮት አልነበረም። በአገራችን ሰው ላይ የገባ ብረት ሹም ሳያየው አይነካም። ብረቱ ከወጣ በኋላ ሁሉም የየራሱን ያወራል፤ አንዱ ወግቶት ነው ይላል፣ ሌላው አዳልጦት ነው ይላል። ብረቱ ከነአገባቡ ከታየ ግን ነገሩ ይለያል። ደግሞም የነቀለው ሰው፣ ቁስለኛው ቢሞት፣ ከደሙ አይነጻም። ስለዚህ ያን የሚያህል የመንደር ወንድ፣ ግማሹ እጁ ላይ ደም፣ ግማሹ እጁ ላይ ቅጠል፣ ወንድሜን ከቦ ቆሞ ማንም አልነካውም።

ያን ጊዜ ነው ያየሁት። እጀታው ይመታል። ትንሽ ወደ ላይ፣ ትንሽ ወደ ታች፤ እንደ ግድግዳ ሰዓት ሳይቸኩል፣ ሳይዘገይ። መጀመሪያ እስትንፋሱ መስሎኝ ነበር። ወንድሜ ግን እስትንፋሱን ይዞ እጀታውን ያያል፤ እጀታው አሁንም ይመታል።

«ልቤ ናት፤» አለኝ፤ «ታያታለህ?»

ጭቃ ሹሙ በላይኛው ቅርጫ ስጋ ሲመርጡ ተጠሩ። መጡ፤ ጎንበስ ብለው እጀታውን በቀኝ አዩት፣ በግራ አዩት፣ ገበያ ላይ ሻሽ የሚገዙ ይመስል ሸማውን ገለጥ አድርገው አዩት። ብዙ ካሰቡ በኋላ ተነስተው ፈረዱ።

«ይኼ ከኔ በላይ ነው። ብረቱ እንዳለ፣ ሳይነካ፣ ጎንደር ዳኛው ፊት ይቅረብ።»

«እኔስ ጭቃ ሹም?» አለ ወንድሜ።

«አንተማ አብረኸው ትሄዳለህ።»

ከዚያ ወዲህ ይህን ለሰው ሳወራ ሰው ይስቃል፤ እኔም እስቃለሁ። ያን ጠዋት ግን የሳቀ አልነበረም፤ ጭቃ ሹሙም ሊያስቁ አልተናገሩም። ፊታቸው አመድ መስሎ ነበር።

እህቴ ከቤት ወጥታ መጣች። ወንድሟን አየች፣ ባሏን አየች፣ አጥሩን ይዛ ቆመች። ወንድሜ ከሞተ ነገሩ እዚያ እንደማያበቃ ሁላችንም እናውቃለን፤ የአጎቶቻችን ልጆች ጠመንጃ አላቸው፣ የባሏም ወገን አለው። ባሏ ይሸፍታል ወይም ይሞታል።

«እኔስ ዛሬ ከየትኛው ወገን ቆሜ ላልቅስ?» አለች።

የእህቴ ባል ዞር ብሎ ቢላዋውን የሳለበትን ድንጋይ አነሳ። ትልቅ ነው፤ ሁለት ሰው ተቀምጦበት ጠላ ይጠጣል ብል የማጋንነው ጥቂት ነው። ማጅራቱ ላይ አወጣው፤ ራሱን ዝቅ አደረገ። ያጠፋ ሰው ይቅርታ የሚለምነው እንዲህ ድንጋይ ተሸክሞ ነው፤ የሚያወርድለትም የተበደለው ሰው ቃል ብቻ ነው። ሽማግሌዎች መጥተው፣ ቀን ተቆርጦ ነው ደንቡ። እሱ ግን ሽማግሌም ቀንም አልጠበቀም።

ወንድሜን ቃሬዛ ላይ ልናስተኛው ስንል እምቢ አለ። «ተኝቼ አልተነፍስም። ደግሞም ሬሳ አይደለሁም፤ አስቀምጡኝ።» በጠፍር አልጋ ላይ የጭድ ነዶ ከጀርባው ደግፈን አስቀመጥነው። አባቴ ጋቢውን እንደ ቀለበት ጠቅልሎ በቢላዋው ዙሪያ አደረገው፣ እንዳይነቃነቅ። ብረቱን አልነካም፤ እንዳይነካ ተጠንቅቆ ጋቢውን ብቻ አጠጋጋው። መንገድ ጀመርን፤ ተሸካሚዎቹ ይቀያየራሉ፣ አባቴ ከፊት ነው፣ የእህቴ ባል ከኋላ ድንጋዩን ተሸክሞ፣ እኔ ከጎን ከጎን።

ሥራዬ እጀታውን ማየት ነበር። ማንም አላዘዘኝም።

«በል አንድ ውሸት ንገረኝ፤» አለ ወንድሜ።

«የቱን አያ?»

«የዱባውን።»

ግድግዳው ፈርሶ ዱባው ወጥቶ፣ መንገድ ላይ ሲንከባለል የጎረቤታችንን አህያ አባሮ በረት እስከማስገባቱ ድረስ ስደርስ ሳቀ። ሲስቅ እጀታው ዘለለ፤ ፊቱም ወረዛ። አባቴ ዞሮ አየኝ።

«አታስቀው! ልጄን ልትገድልብኝ ነው?»

«ተወው አባባ፤» አለ ወንድሜ፤ «እሱ ዝም ሲል የሞትኩ ይመስለኛል።»

እንግዲህ የማያስቅ ወሬ ማውራት ነበረብኝ። በዕድሜዬ የማያስቅ ወሬ ፈልጌ ያጣሁት ያን ቀን ነው። ምን ላውራ? ስለ ገብስ ዋጋ አወራሁ፤ ስለ በሬያችን ቀንድ አወራሁ፤ አንድ ጊዜ የሰማሁትን ስብከት ከነምዕራፉ አወራሁ፤ ሰባኪው ያን ያህል አልተናገረም፤ የቀረውን እኔ ጨመርኩለት። ወንድሜ ዓይኑን ገርበብ አድርጎ ይሰማል። ፀሐይዋ እየበረታች ስትሄድ ከንፈሩ እንደ በሰለ የዱር እንጆሪ ጠቆረ። አንገቱ ላይ ያሉት ሥሮች ገመድ ገመድ እያሉ ተነፉ። እጀታውም ከቅድሙ ያነሰ መምታት ጀመረ።

መንገዱ ላይ ወጥተን ወደ ጎንደር ስንዞር ከበስተኋላችን ማኪና ሰማን። የፋሲካ ለት ክርስቲያን ሾፌር ከቤቱ አይወጣም። ይህ ግን የጎንደር እስላም ነጋዴ ነው፤ ከቆላ ጥጥ ጭኖ ይመለስ ነበር፤ ማኪናውን ራሱ ይነዳል። አቁሞ ወረደ።

«ምነው በበዓል ቀን አልጋ ተሸክማችሁ?» አለ። ቀርቦ እጀታውን አየ። «ቢስሚላህ! ይኼ ሰው ሕያው ነው?»

«ሕያው ነኝ፤» አለ ወንድሜ።

«በሉ፣ ጫኑት! ጥጡ ላይ አውጡት፣ ቀስ ብላችሁ።»

አወጣነው። ቁጭ ብሎ ጥጥ ላይ ተደገፈ፤ እኔና አባቴ በሁለት በኩል ያዝነው። የእህቴ ባል ድንጋዩን ከማጅራቱ ሳያወርድ ሊወጣ ሲታገል ነጋዴው አየው።

«ድንጋዩም ይሳፈራል?»

«ድንጋዩ ከሱ ጋር ነው፤» አለ አባቴ።

ነጋዴው ቢላዋውን አየ፣ ድንጋዩን አየ፣ አራተኛ ጥያቄ አልጠየቀም። ድንጋዩን ከሥር ገፍቶ አወጣለት። ከዚያ ማኪናውን እንቁላል የጫነ ይመስል ነዳው። ጉድጓድ ሲደርስ ከወንበሩ ወርዶ ጉድጓዱን አይቶ ተመልሶ ይወጣ ነበር። ይህን አላጋነንኩም፤ በኋላ ሌላ ሰው ሲያወራው ሰምቻለሁ።

የቀሐን ወንዝ ተሻግረን ከተማው ውስጥ ስንገባ ነጋዴው አንገቱን በመስኮት አወጣ።

«ሆስፒታል ነው አይደለ?»

«የለም! ዳኛው ቤት!» አለ አባቴ።

«ምን ያደርግልሃል ዳኛ? ሰውየው እየሞተ ነው እኮ!»

«ትእዛዝ ነው። ብረቱ እንዳለ ዳኛው ፊት ይቅረብ ተብለናል።»

አባቴ ግትር ሰው አልነበረም። ነገር ግን ያን ቀን ሁለት ነገር ነበር የያዘው፤ አንዱ ልጁ ነው፣ አንዱ የልጁ ደም ወደ ሌላ ደም እንዳይሄድ ነው። ለልጁ የሚያደርግለት ያጣ ሰው ሁለተኛውን አጥብቆ ያዘ። እኔም ዝም አልኩ፤ የትእዛዝ ነገር ነውና ልክ መስሎኝ ነበር። ነጋዴው አንገቱን ነቅንቆ ወደ ዳኛው ቤት ዞረ።

ዳኛው በዓል እያከበሩ ነው። ዘበኛው በሩን አልከፍትም አለ፤ አባቴ በዱላው የበሩን ቆርቆሮ ደበደበው። በመጨረሻ ዳኛው ራሳቸው ወጡ፤ አዲስ ሸማ ለብሰዋል፣ ጣታቸው በወጥ ቀልቷል። «ምንድን ነው በበዓል ቀን? ለማክሰኞ ኑ» ሊሉ አፋቸውን ከፍተው ጥጡ ላይ የተቀመጠውን ሰው አዩ። የማኪናውን ጎማ ረግጠው ወጥተው ቀረቡ። የእጀታው ምት አሁን ለማያውቅ ሰው የሚታይ አይደለም፤ እሳቸው ግን ዓይናቸው ላዩ ላይ ቆየ።

«ይኼ ይንቀሳቀሳል፤» አሉ።

«ልቤ ናት ጌታዬ፤» አለ ወንድሜ። ድምፁ ከጉሮሮው ጫፍ ነበር የሚወጣው።

«ታዲያ እኔ ጋ ምን ያመጣሃል?» ወደ አባቴ ዞሩ፤ ጮኹ። «ሰው ሲሞት ነው እኔ ጋ የሚመጣው! ያልሞተ ሐኪም ጋ ነው የሚሄደው! አይቸዋለሁ፣ አገባቡንም አይቸዋለሁ፣ ተንሸራቶ ነው፤ ይበቃል፤ ንዳው!»

አባቴ «ተንሸራቶ ነው» የሚለውን ሲሰማ ዓይኑን ጨፈነ። ዳኛው ከማኪናው አልወረዱም፤ ሸማቸው ጥጥ እንደያዘው ቆመው፣ በየመንገዱ ለዘፈን የተሰበሰበውን ሰው «ዞር በል! ዞር በል!» እያሉ እስከ ሆስፒታሉ ድረስ አብረውን መጡ። እዚያ እስክንደርስ የወንድሜ ራስ ትከሻዬ ላይ ወደቀ። እጀታውን አየሁት፤ ቆሟል። ወይም መስሎኛል።

ሐኪሙ ረጅም ፈረንጅ ነው። ቢላዋውን ሲያይ ሁለት እጁን አነሳ። «አትንኩ! አትንኩ!» አለ። ከአፉ የሰማሁት አማርኛ ይኸው ብቻ ነው። እኛ ከጠዋት ጀምሮ አለመንካት ሥራችን ሆኖ ነበር።

ወደ ውስጥ ስናስገባው ሐኪሙን የሚረዳው ድሬሰር፣ የጎንደር ልጅ ነው፣ ሸማውን በመቀስ ቀደደ። እኔ ወንድሜን ከኋላ ደግፌ እንድይዝ አዘዙኝ፤ ተኝቶ አልተነፍስም ማለቱን ሐኪሙ በድሬሰሩ በኩል በጣም አጥብቆ ጠየቀ። ከዚያ ሐኪሙ ረጅም መርፌ አወጣ። ስለ መርፌው ርዝመት ብዙ ጊዜ ብዙ ነገር ተናግሬያለሁ፤ ዛሬ ረጅም ነበር ብዬ እተወዋለሁ። ከደረት አጥንቱ ሥር፣ ወደ ግራ አዝንብሎ ወደ ላይ አስገባው። ጥቁር ደም ሳበ። እንደገና ሳበ።

እጀታው ተነቃነቀ።

አንድ ጊዜ፣ ከዚያ እንደገና፤ ከዚያ እንደ ጠዋቱ መምታት ጀመረ። ወንድሜ አየር ሳበና ራሱን ከትከሻዬ አነሳ። ድሬሰሩ ፈገግ አለ፤ ሐኪሙ ፈገግ አላለም፤ ለሌሎቹ አንድ ነገር ጮኸ፣ አልጋውን እየገፉ ሮጡ። እኔ እጄ ባዶ አየር ደግፎ ቀረ።

ድሬሰሩ ለአባቴ እንዲህ ብሎ አስረዳው፤ «ልብ የምትቀመጥበት ከረጢት አለ። ቢላዋው ከረጢቱንም ልቧንም ወግቷል። የፈሰሰው ደም ከረጢቱ ውስጥ ይጠራቀምና መልሶ ልቧን ያንቃታል፤ ቅድም በመርፌ የቀዳነው እሱን ነው። አሁን ደረቱን ከፍቶ ቀዳዳውን ይሰፋዋል። ቢላዋው ራሱ ቀዳዳውን ደፍኖ ይዞ ነው እስከ አሁን የቆየው። ብትነቅሉት ኖሮ መንደራችሁ ውስጥ ትቀብሩት ነበር። ማን ነው እንዳይነቀል ያዘዘው? የጤና ሰው አላችሁ?»

«ጭቃ ሹማችን ናቸው፤» አለ አባቴ።

«ሕክምና ተምረዋል?»

«የለም፤ እሳቸው ፊርማቸውም ጣት ነው።»

አባቴ ቀልድ አያውቅም። ያን ጊዜም አልቀለደም፤ የተጠየቀውን ነው የመለሰው።

ደም ያስፈልጋል ተባለ። የሁላችንንም ጣት ወጉ። የእህቴ ባል በር ላይ ነው፤ ዘበኛው ድንጋይ ይዞ አይገባም ስላለው ከበሩ ውጭ ተንበርክኮ ነበር። ድሬሰሩ እዚያው ሄዶ ጣቱን ወጋው። «ሁሉንም ውሰዱት» አለ እጁን እስከ ክንዱ ገልጦ። ቆይቶ ድሬሰሩ ተመለሰ፤ የሱ ከወንድሜ ደም ጋር አይስማማም፣ የሚስማማው የኔ ነው። ይህን ሲሰማ ግንባሩን መሬት ላይ አደረገ። ለወንድሜ የሚሰጠው አንድ ነገር ተገኝቶ ነበር፤ እሱም አልሆነ። እኔ ተኛሁ፣ ቀዱልኝ። አንድ ጋን ቀዱኝ ብዬ ብዙ ሰው አሳምኛለሁ፤ አንድ ጠርሙስ ነበር።

ፀሐይዋ ወደ ምዕራብ እስክታዘነብል ዛፍ ሥር ተቀመጥን። ከከተማው የዘፈንና የእልልታ ድምፅ ይመጣል። ጥጥ ነጋዴው ማኪናውን አራግፎ ተመልሶ መጣ፤ ከቤቱ ዳቦ ይዞልን። ዳኛውም ወዲያና ወዲህ ይሉ ነበር። አባቴ ዳዊቱን በቃሉ ይደግማል፤ አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ እየተደናቀፈ ከመጀመሪያው ይጀምራል። ሦስተኛውን መዝሙር አልፎ ሲሄድ አልሰማሁትም። እኔ፣ አፌ የማይዘጋው ሰው፣ የምለው አልነበረኝም። ሁልጊዜ ነገር ከፍ አድርጌ የማወራው ነገሩ ሲያንስብኝ ነው፤ ያን ቀን ምንም የሚያንስ ነገር አልነበረም።

ድሬሰሩ ወጣ። መጎናጸፊያው ደም ነው። «ተሰፍቷል፤» አለ፤ «ልቡ እየመታች ነው። እንግዲህ ትኩሳቱን እንጠብቃለን፤ ገና ነው።»

አባቴ ቆመ። «ልብ ይሰፋል?»

«ይሰፋል አባቴ።»

«በምን ክር?»

«በሐር።»

አባቴ ቁጭ አለ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ለራሱ «በሐር» ሲል ሰማሁት።

ትኩሳቱ መጣ። ወንድሜ ቀባጠረ፣ በሬ እየጠራ አረሰ፣ አላወቀንም። አባቴ ከአልጋው ሥር አልተነሳም፤ ጠያቂ ሲመጣ ጋቢውን ዘርግቶ ይጋርድ ነበር፣ የሰው ጥላ ቁስሉ ላይ እንዳይወድቅ። የእህቴ ባል ከበሩ አልሄደም። ሰው ሲመክረው ድንጋዩን ከማጅራቱ ወደ ጉልበቱ ያወርዳል፤ ከዚያ በላይ አያወርድም። እህቴ ከመንደር መጥታ ስንቅ ታቀብለውና ገብታ ወንድሟን ታያለች። ስትወጣ ባሏ አይጠይቃትም፤ ፊቷን ብቻ ያያል። አባቴን «አንድ ቃል በለው» ብዬው ነበር። «ቃሉ የኔ አይደለም» አለኝ።

አንድ ጠዋት ገብቼ ወንድሜ ዓይኑን ገልጦ ጣራውን ሲቆጥር አገኘሁት። ፊቱ ከስቶ ጆሮው ብቻ ቀርቷል።

«መደቤን ማን ወሰደው?» አለኝ።

«ምን?»

«የቅርጫዬን መደብ። የጥይት ቀለህ ጥዬ ነበር ለዕጣ።»

«ወጥቶልሃል አያ። ቋንጣ ሆኖ ቤት ተሰቅሏል።»

«እሱስ?» አለ። ስለማን እንደጠየቀ ገባኝ።

«በር ላይ ነው።»

«ምን ይሠራል?»

«ድንጋይ ተሸክሟል።»

«የትኛውን ድንጋይ?»

«የቢላዋ መሳያውን።»

ወንድሜ ረጅም ጊዜ ጣራውን አየ። አባቴ ከአልጋው ሥር ሆኖ እንደሚሰማ አውቃለሁ።

«መንደሩ ሌላ መሳያ የለውም እኮ፤» አለ ወንድሜ። «መልሰህ አስቀምጥ ብሏል በለው። ከዚያ ይምጣና ይይኝ፤ ሰው ሁሉ ጠይቆኝ እሱ ብቻ ነው የቀረው።»

ወጥቼ ነገርኩት። አንድም አልጨመርኩበት፣ አንድም አልቀነስኩበት። ድንጋዩን ካወረደ በኋላም አንገቱ ወዲያው አልቀና አለው፤ ጎንብሶ ነው የገባው። ወንድሜ ምን እንዳለው አልሰማሁም፤ አባቴ እጄን ይዞ አወጣኝ።

ቢላዋውን ዳኛው ለጭቃ ሹሙ መለሱት፤ ሰው ካልሞተ ብረቱ የመንደሩ ነው አሉ። አባቴ ቀሐ ውስጥ ልጣለው ብሎ ነበር፤ ጭቃ ሹሙ የመንደር ዕቃ ነው ብለው አልሰጡትም።

ወንድሜ ዳነ፤ ግን እንደ በፊቱ አልሆነም። ዳገት ላይ ይቆማል፤ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ አገር የሚያይ ይመስላል። የእህቴ ባል ደግሞ ቢላዋ መያዝ ተወ። ሽንኩርት እንኳ አይቆርጥም፤ ስጋ ሲበላ የምትቆርጥለት እህቴ ነበረች። ሰው በሱ ፊት አይቀልድም፤ እኔም አልቀለድኩም፤ ይህ ምን ያህል እንደከበደኝ የሚያውቀኝ ያውቀዋል።

የሚቀጥለው ፋሲካ መጣ። በሬው ታረደ፣ ተገፈፈ፣ ቅጠሉ ተጎዘጎዘ። መንደሩ ሌላ ሳቢና ሌላ ቆራጭ መርጦ ነበር። የእህቴ ባል ከሰው ኋላ፣ ከአጥሩ ተጠግቶ ቆሟል፤ እጁን ጋቢው ውስጥ ደብቋል። ወንድሜ ማንንም ሳያማክር ገብቶ ወርቹን በሁለት እጁ አቀፈ።

«አማቼ ና፤» አለ።

የእህቴ ባል አልተንቀሳቀሰም።

«ና እንጂ! ክንዴ እንደ ድሮው አይደለም፣ ብዙ አልይዘውም።»

መጣ። ጭቃ ሹሙ ቢላዋውን ሰጡት። የፊተኛው ቦታው ላይ፣ ከወንድሜ ፊት ለፊት ሊቆም ሲል አባቴ ዱላውን መሃል አስገባ።

«ከጎኑ! ከጎኑ ቁም! ከፊቱ አይደለም!»

«ይሁን ከጎን፤» አለ ወንድሜ፤ «እኔም ሞኝ አይደለሁም።»

ያን ጊዜ አንድ ሰው ሳቀ፤ ማን እንደሆነ እስከዛሬ አላወቅኩም፤ እኔ ግን አልነበርኩም። የእህቴ ባል ከጎኑ ቆሞ ቢላዋውን መጋጠሚያው ውስጥ አስገባ። ወንድሜ ሳበ። እህቴ ከአጥሩ ወዲያ ሆና ታያለች። ጅማቱ አልበጠስ አለ፤ የእህቴ ባል አቆመ፣ ላቡን በክንዱ ጠረገ፣ እንደገና ገፋ። ጅማቱ ድንገት ለቀቀ፤ ወንድሜ ወርቹን እንዳቀፈ ወደ ኋላ ተንገዳግዶ ሄዶ ቆመ።

ደረቱን ጎንበስ ብሎ አየ። ቀና ብሎ እኛን አየን።

«አለሁ፤» አለ።